በአየር በሚሞላ ጀልባ ላይ የሚጻፈው «ሲ» ወይም «ዲ» ምን ይነግረናል?

በአውሮፓ ኅብረት ገበያ የሚሸጡና ርዝመታቸው ከ2.5 ሜትር የማያንስ የመዝናኛ ጀልባዎች በአምራቹ ሰሌዳ ላይ ከ«ኤ» እስከ «ዲ» ያለ ፊደል ይጻፍባቸዋል። ብዙ ገዢዎች ፊደሉን የጥራት ደረጃ አድርገው ስለሚወስዱት «ዲ» የተባለውን ጀልባ ይንቁታል፤ ፊደሉ የሚገልጸው ግን ጀልባው የተሠራለትን የነፋስና የማዕበል መጠን ብቻ ነው። «ዲ» የነፋስን ኃይል በቁጥር በሚገልጸው የቦፎርት መለኪያ እስከ 4 ለሚደርስ ነፋስና እስከ 0.3 ሜትር ለሚደርስ ማዕበል፣ «ሲ» ደግሞ እስከ 6 ለሚደርስ ነፋስና እስከ 2 ሜትር ለሚደርስ ማዕበል የተመደበ ነው።

ስለዚህ ረጋ ባለ ሐይቅ ላይ ዳር ዳሩን ለሚቀዝፍ ቤተሰብ፣ ወለሉም በአየር የሚሞላ፣ ተጠቅልሎ በመኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ የሚጫን የ«ዲ» ጀልባ ይበቃዋል። በሞተር ወደ ባሕር ለሚወጣ ግን ሥሩ ከፋይበር ግላስ ወይም ከአሉሚኒየም የተሠራ የ«ሲ» ጀልባ ይሻላል፤ ሞገድ እየቀደደ ይሄዳልና፤ ማጓጓዣ ተጎታች ግን ሊጠይቅ ይችላል።

በጣም የምመክረው የሰዎችን ቁጥር ከፊደሉ ጋር አያይዞ ማንበብን ነው። አንዳንድ ሰሌዳ ላይ «ሲ 4፣ ዲ 6» ተብሎ ይጻፋል፤ ይህም ያው ጀልባ በረጋ ውኃ ስድስት፣ በሚናወጥ ውኃ አራት ሰው ብቻ ይጭናል ማለት ነው። በኪሎ የተገለጸው የጭነት ጣሪያም ለብቻው መከበር አለበት። ከየብስ ወደ ውኃው የሚነፍስ ነፋስ ቀላልን ጀልባ በፍጥነት ከዳርቻው ስለሚያርቅ፣ ነፋሱ በፊደሉ ወሰን ውስጥ ቢሆንም እንኳ በመቅዘፊያ ብቻ መውጣት አደገኛ ነው።