የግብርና፣ የደንና የዓሣ ምርቶች የንግድ ሚዛን ምንድን ነው?

ሰፈራችሁ ወዳለች ሱቅ ግቡና መደርደሪያውን እዩት። የፓልም ዘይቱ ከማሌዥያ ወይም ከኢንዶኔዥያ ነው። ሩዙ ብዙ ጊዜ የሕንድ ነው። የታሸገው ቱና ባሕር ተሻግሮ ነው የመጣው። በሌላ በኩል ደግሞ የጅማና የሲዳማ ቡና፣ የሁመራና የመተማ ሰሊጥ ወደ ጅቡቲ ይጫናል። የዝዋይ ጽጌረዳም ማታ ማታ በቦሌ በኩል ይበራል። እነዚህን ሁለት መንገዶች በዶላር ለክቶ ማነጻጸር ነው የንግድ ሚዛን የሚባለው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ወደ ውጭ ከተሸጠው ዋጋ ላይ ከውጭ የተገዛው ይቀነሳል። የተሸጠው ከበለጠ ትርፍ ይባላል። የተገዛው ከበለጠ ጉድለት ነው። ቃላቱ ግን ያደናግራሉ። በእኛ አጠራር "ወጪ ንግድ" ገንዘብ የሚያመጣው ነው፤ "ገቢ ንግድ" ደግሞ ገንዘብ የሚያስወጣው። ዕቃውን ተከትለን ነው የሰየምነው። "ትርፍ" የሚለውም ቢሆን የነጋዴ ትርፍ አይደለም። ገበሬው ስንት አውጥቶ አመረተው የሚለው እዚህ ሂሳብ ውስጥ የለም።

ከባዱ ጥያቄ ምን ይቆጠራል የሚለው ነው። እያንዳንዱ ዕቃ ጉምሩክ ላይ ዓለም የተስማማበት የቁጥር መለያ አለው፤ የመለያው የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ምዕራፍ ይባላሉ። ከምዕራፍ 1 እስከ 24 ያለው በአመዛኙ የግብርናና የምግብ ነው። ዓሣ ምዕራፍ 3 ላይ ነው። ቡና ምዕራፍ 9 ላይ። እንጨት 44፣ ወረቀት 48። የዓለም ንግድ ድርጅት ጥሬ ጥጥንና ያልተለፋ ቆዳን ከግብርና ይቆጥራል። ጥጡ ጨርቅ፣ ቆዳው ጫማ ሲሆን ግን ከግብርናው ይወጣና የፋብሪካ ዕቃ ይሆናል።

ማዳበሪያ እዚህ ውስጥ አይገባም። ኬሚካል ነውና ሌላ ምዕራፍ ላይ ይመዘገባል። ትራክተሩም ናፍጣውም እንደዚያው። ስለዚህ አንድ አገር በግብርና ምርት ትርፍ አስመዘገበ ሲባል፣ ያንን ምርት ለማምረት ከውጭ የገዛው ግብዓት አልተቀነሰለትም። እንደ እኛ ማዳበሪያውን ሁሉ ከውጭ ለሚያስመጣ አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሁልጊዜ የሚገርመኝ የደኑ ነገር ነው። የካፋና የሸካ ቡና ጫካ ውስጥ፣ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው የሚበቅለው። ኮረሪማውም እዚያው ነው። ማሩም ከዚያው ይቆረጣል። የመተማ ዕጣን ከዛፍ ላይ የሚፈስ ነው። መዝገብ ላይ ግን ቡናና ኮረሪማ ምዕራፍ 9፣ ማር ምዕራፍ 4፣ ዕጣንና ሙጫ ምዕራፍ 13 ናቸው። ሁሉም ግብርናው ጎን ተቀመጡ። በደን ስም የሚቀረን ከውጭ የምናስገባው ወረቀትና ኮምፔንሳቶ ነው። ሰንጠረዡን ብቻ የሚያይ ሰው "ደናችሁ የሚያስገባላችሁ ነገር የለም" ሊል ይችላል። ትልቅ ስህተት ነው። ይህ ስህተት ደግሞ ጫካ ለመመንጠር ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ሦስቱን ዘርፎች በአንድ ላይ ደምራ በየወሩ የምታሳውቅ አገር ቬትናም ናት። እ.ኤ.አ. በ2023 የ53 ቢሊዮን ዶላር ምርት ላከች፤ ትርፏም ወደ 12 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ያ ማለት 41 ቢሊዮን ያህሉን ከውጭ ገዝታለች። መግዛቷ እንደ ሽንፈት አይታይባትም። ካሹን እንይ። ቬትናም ጥሬ ካሹ ከካምቦዲያ፣ ከአይቮሪኮስትና ከታንዛኒያ ትገዛለች። ትፈለፍለዋለች፣ ትለየዋለች፣ ታሽገዋለች፤ ከዚያ ለአሜሪካና ለአውሮፓ ትሸጠዋለች። ጥሬው በገቢ ንግድ በኩል፣ የተፈለፈለው በወጪ ንግድ በኩል ይመዘገባል። ከውጭ የምታስገባው ግንድም ወንበርና ጠረጴዛ ሆኖ ይወጣል። እሷ የእንጨት ወንበሩን የደን ምርት ብላ ነው የምትቆጥረው። ስለዚህ የሁለት አገሮችን ቁጥር ከማወዳደራችን በፊት እያንዳንዱ አገር ምን ምን እንደደመረ ማየት አለብን።

ጉድለትም ብቻውን በሽታ አይደለም። ጃፓን በምግብ ምርት ትልቅ ጉድለት አለባት። ሕዝቧ ከሚመገበው ካሎሪ በአገር ውስጥ የሚሸፈነው 38 በመቶ ገደማ ነው። ግን መኪናና ማሽን ሸጣ ትከፍላለች።

ወደ ቤታችን እንመለስ። በ2016 በጀት ዓመት ኢትዮጵያ 298 ሺህ ቶን ገደማ ቡና ልካ 1.43 ቢሊዮን ዶላር አገኘች። በ2017 ወደ 469 ሺህ ቶን ላከች፤ ገቢው 2.65 ቢሊዮን ሆነ። ደስ የሚል ቁጥር ነው። ግን እንፈታታው። በቶን ስናካፍለው ዋጋው ከ4,800 ዶላር ወደ 5,650 ገደማ ከፍ ብሏል። የብራዚል ድርቅ የዓለምን ዋጋ የሰቀለበት ጊዜ ነበር። የቀረው ጭማሪ የመጠን ነው። የመጠኑ ነገርም እንዲሁ አይታለፍም። ቡና በአንድ ዓመት ተተክሎ አይለቀምም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ ላኪው በሕጋዊው መንገድ የሚያገኘው ብር ከፍ አለ። በኮንትሮባንድ ይወጣ የነበረ ወይም መጋዘን ተይዞ የቆየ ቡና ወደ ጉምሩክ መዝገብ መጥቶ ሊሆን ይችላል። እንደኔ ይህ ትልቅ ድርሻ አለው። በጠረፍ የሚሻገር የቁም ከብትም ዛሬም መዝገብ ውስጥ ሳይገባ ያልፋል። ሚዛኑ የሚያውቀው ጉምሩክ ያየውን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዘይቱ። "ሰሊጥ በጆንያ ልከን ዘይት በጄሪካን እንገዛለን" የሚል ቁጭት ሁላችንም ሰምተናል። እኔም ብያለሁ። በዶላር ብናሰላው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሰሊጥ ውድ የቅባት እህል ነው፤ ፓልም ደግሞ ከርካሾቹ ዘይቶች አንዱ። የሰሊጥ ግማሽ ያህሉ ብቻ ዘይት ስለሚሆን፣ አንድ ቶን ዘይት ለመጭመቅ ሁለት ቶን ሰሊጥ ያስፈልጋል። ያንን ሰሊጥ ብንሸጠው ከአንድ ቶን በጣም የሚበልጥ ፓልም ይገዛልናል። ለሚዛኑ ብለን ሰሊጡን ጨምቀን ለወጥ ብናደርገው ብዙ ዶላር እናጣለን።

ይሁን እንጂ ሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ኢንዶኔዥያ የፓልም ዘይት ለውጭ እንዳይሸጥ ከለከለች። ክልከላው የቆየው ከአንድ ወር በታች ነው። ሩሲያና ዩክሬን ጦርነት ውስጥ ስለነበሩ የሱፍ ዘይቱም ጠፍቶ ነበር፤ የዓለም ዋጋ ጣሪያ ነካ። በእነዚያ ሳምንታት ዶላር በእጁ ያለ አገር እንኳ የሚሸጥለት ይፈልግ ነበር። የንግድ ሚዛን ሰንጠረዥ ላይ ለዚህ የሚሆን ዓምድ የለም። ለውዝ፣ ሱፍና ኑግ በአገር ውስጥ ተጨምቀው ቢያንስ የፍጆታችንን ከፊል ይሸፍኑ የምለው ለዚህ ነው። ሰሊጡ ግን ይሸጥ።