የአጭር ጊዜ የወንጌል ተልእኮ በሰሜን ሸዋ

የአጭር ጊዜ ተልእኮ የሚባለው ከውጭ አገር የመጣ የክርስቲያኖች ቡድን ከአንድ ሳምንት እስከ ጥቂት ወራት ቆይቶ በማስተማር፣ በሕክምና ወይም በግንባታ የሚያገለግልበት አሠራር ነው። በሰሜን ሸዋ ነገሩ ለየት የሚለው ክርስትና ለዘመናት በኖረበት አገር ስለሚካሄድ ነው። እንግዳው ገና ከእንቅልፉ ሳይነሳ አስተናጋጆቹ ቅዳሴ አስቀድሰው ሊመለሱ ይችላሉ።

አካባቢው ሚስዮናዊ ሲያይ የመጀመሪያው አይደለም። ጀርመናውያኑ ሚስዮናውያን ኢዘንበርግና ክራፕፍ እ.ኤ.አ. በ1839 በታጁራ ወደብ በኩል የሸዋው ንጉሥ መቀመጫ ወደነበረችው አንኮበር ገቡ። ኢዘንበርግ በዚያው ዓመት ሲመለስ ክራፕፍ ግን በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ወደ ሦስት ዓመት ቆየ፤ ኦሮምኛ አጠና፣ ወንጌልን መተርጎም ጀመረ። ንጉሡ ከሃይማኖት ክርክሩ ይልቅ ዓይኑን የጣለው በጠመንጃና በእጅ ሙያ ላይ ነበር። ክራፕፍ እ.ኤ.አ. በ1842 ከሸዋ ወጥቶ ወሎ ላይ ተዘረፈ፤ ወደ ሸዋም ሊመለስ አልቻለም። ቋንቋ ለምዶ ሦስት ዓመት የኖረው ሰው ይህ ከገጠመው፣ ሁለት ሳምንት የሚቆይ ቡድን ምን መሥራት እንደሚችል አስቀድሞ ቢያስብ አይከፋም።

መጀመሪያ የሚፈትነው ከፍታው ነው። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ቦታ ላይ ትገኛለች፤ ጣርማ በርና መንዝ ከዚያም ይበልጣሉ። ከቆላማ አገር የመጣ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ራሱን ሊያመው፣ እንቅልፍ ሊነሳው፣ ጥቂት ዳገት ሲወጣም ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል። ስለዚህ አዲስ አበባ ሁለት ሌሊት አድሮ መውጣት፣ በመጀመሪያው ቀን ከባድ ሥራ አለመጀመርና ውኃ ማብዛት ይጠቅማል። ራስ ምታቱ ከበረታና ማስመለስ ከተጨመረበት መድኃኒቱ ዝቅ ወዳለ ቦታ መውረድ ነው። ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት፤ እዚያ ወባ ስላለ አጎበርና የመከላከያ ክኒን ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ወቅቱ ነው። ቡድኖች የሚመጡት በአገራቸው የዕረፍት ጊዜ፣ በሐምሌና በነሐሴ ነው። ይህ ደግሞ እዚህ ክረምት ነው፤ መኪናው ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል፣ ገበሬው አረም ላይ ነው፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ደግሞ ፍልሰታ ይጾማል። ከጥምቀት በኋላ ያሉት ሳምንታት ይሻላሉ፤ መንገዱ ደርቋል፣ ሰዉም ከአውድማ ሥራ ተገላግሏል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ግን በክልሉ በተፈጠረው ግጭት ከወቅቱ በፊት የመንገዱ ሰላም መጠየቅ አለበት።

ከወረቀቱ ሥራ ብዙዎችን የሚያሰናክለው መድኃኒት ነው። ያለቅድመ ፈቃድ በሻንጣ የመጣ መድኃኒት ቦሌ ላይ ይያዛል፤ ሐኪሙም ለሚቆይባት ጊዜ የሥራ ፈቃድ ያስፈልገዋል።

በሥራ ምርጫ ረገድ ሚዛኑ በቆይታው ልክ የሚያልቅ ሥራ መያዝ ነው። ጥርስ መንቀል በዕለቱ ያልቃል። የማንበቢያ መነጽር የተሰጣቸው ቄስ ዳዊታቸውን ገልጠው እዚያው ያነባሉ። የደም ግፊት ክኒን ግን ለ30 ቀን ሰጥቶ መሄድ ሕመምተኛውን ለ31ኛው ቀን ምንም ሳያዘጋጁለት መተው ነው፤ ካርዱን ለአካባቢው ጤና ጣቢያ ካላስረከቡ ባይጀምሩት ይሻላል።

ሁሉም ግን በአስተርጓሚው ይወሰናል። የ30 ደቂቃ ትምህርት በትርጉም አንድ ሰዓት ይፈጃል። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ አስተርጓሚው የተናጋሪውን ዓረፍተ ነገር መጨረሻ መስማት አለበት፤ በመሐል አቋርጦ «ተርጉም» ማለት ግራ ማጋባት ነው። አጫጭር ሐሳብ ተናግሮ ዝም ማለት ይበጃል፤ ቀልድ ቢቀር ይመረጣል። በሕክምና ድንኳን ውስጥ ችግሩ ይብሳል። እናት «ምች መታኝ» ወይም «ብርድ ገባብኝ» ሲሉ አስተርጓሚው የራሱን ግምት ከተናገረ ሐኪሙ ያልተባለ በሽታ ያክማል። የት ያምዎታል፣ መቼ ጀመረዎት፣ ትኩሳት አለዎት ወይ ብሎ መልሶ መጠየቅ ነው እንጂ ቃሉን ብቻ ማሻገር አይጠቅምም። ሴቶች ደግሞ በወንድ አስተርጓሚ ፊት የማይናገሩት አለ።

ሰዓቱም ያሳስታል። «ነገ 3 ሰዓት» ሲባል እንግዳው ከቀትር በኋላ መስሎት ተኝቶ ሲያረፍድ ሕዝቡ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። የተቀጠረውን ሰዓት በሁለቱም አቆጣጠር ጽፎ መስጠት ነው።

በምግብ በኩል ረቡዕና ዓርብ በጾመኛ ቤት ሥጋ አምጡ አይባልም፤ ሽሮና ምስር ይበላል። የቀረበ ጉርሻ አይመለስም፤ ጥሬ ሥጋ ግን ሆዴን ያመኛል ብሎ ቢተው ማንም አይቀየምም። በመንገድ ዳር ከረሜላና ብር መበተን የብዙ ቡድን ስሕተት ነው፤ ልጆች ከትምህርት ቤት ቀርተው መኪና ሲያሯሩጡ ይውላሉ፣ ቀጥሎ የሚመጣውም እንግዳ በልመና ይከበባል። ስጦታ ካለ በትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ወይም በአካባቢው ሽማግሌዎች እጅ ይለፍ።

ደስታው አብዛኛውን ጊዜ በዕቅድ ያልተያዘው ነው። ቡናው አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪደርስ ሥራ ይቆማል፤ ቸኩሎ ከቶና በኋላ የተነሳ እንግዳ «በረካውን ሳይጠጡ?» ተብሎ ይመለሳል። ማታ ብርዱ ሲጠና ከመንዝ በግ ጠጉር የተሠራ ባና ይደረብለታል። ሲሸኝም በ23 ኪሎ መድኃኒትና ልብስ ተወጥሮ የመጣው ሻንጣ ቆሎ፣ ሽሮና በርበሬ ተሞልቶ ይመለሳል፤ በርበሬው በሁለት ፌስታል ካልታሰረ ግን ልብሱን በሙሉ ያቀላዋል።