የቫዮሊን ሙያ በሐዋሳ

ቫዮሊን በሐዋሳ እንደ ኪቦርድና ጊታር በየአዳራሹ የሚገኝ መሣሪያ አይደለም። ሙያዬ ብሎ የያዘው ወጣት ለከፍተኛ ትምህርት ብዙውን ጊዜ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባል፤ እዚያም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ቫዮሊንን ከፒያኖ፣ ከክራርና ከመሲንቆ ጋር በአንድ ግቢ ያስተምራል።

መሣሪያው ለአገራችን እንግዳ የነበረበት ዘመን ካለፈ ቆይቷል። በፒያኖ ድርሰቶቻቸው የሚታወቁት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በልጅነታቸው በስዊዘርላንድ ቫዮሊን ተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ደግሞ ካይሮ ሄደው ከፖላንዳዊው ቫዮሊኒስት ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ተምረዋል፤ መምህሩም ኋላ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው የክቡር ዘበኛን የሙዚቃ ጓድ መርተዋል።

የሥልጠናው እምብርት ቀኝ እጅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ግራ እጅ ቦታውን ይፈልጋል፣ ለድምፁ ነፍስ የሚሰጠው ግን ቀኝ እጅ የሚይዘው ደጋን ነው። ጀማሪው ለሳምንታት በባዶ (የግራ እጅ ጣት ባልነካው) አውታር ላይ፣ ከደጋኑ እጀታ እስከ ጫፉ ስምንት እየቆጠረ፣ ደጋኑ ወዲያና ወዲህ ሳይንሸራተት፣ አንድ ረዥም ድምፅ ብቻ እንዲያወጣ ይደረጋል። ይህን ያልለመደ እጅ፣ ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ባኽ እ.ኤ.አ. በ1720 ለብቻው ለሚጫወት ቫዮሊን ካዘጋጃቸው ስድስት ሥራዎች የአንዱን ገጽ እንኳ በቅጡ አይዘልቅም።

መሲንቆ ይዞ ያደገ ልጅ እዚህ ላይ መንገዱን ጀምሮታል፤ የጭራ ደጋን በሙጫ ማሸትን አስቀድሞ ያውቃልና። በመሲንቆ ግን ጣት አውታሩን ከአንገቱ ጋር ሳያጣብቅ ይነካዋል፤ በቫዮሊን መጫን አለበት፣ አውታሮቹም ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ ተብለው አራት ይሆናሉ። በአንገቱ ላይ እንደ ጊታር የብረት መከፋፈያ ስለሌለ፣ አንቺሆዬን የመሰለ ቅኝት በጆሮ በሚያውቁት ቦታ ማስቀመጥ ይቻላል፤ በኪቦርድ ይህ እጅግ ያስቸግራል።

በከተማዋ የቫዮሊኒስት መድረክ ሠርግ፣ የሆቴል ዝግጅትና የቤተ ክርስቲያን ዝማሬ ነው፤ ኦርኬስትራ የተመኘ ፊቱን ወደ አዲስ አበባ ያዞራል። መተዳደሪያው ግን በአብዛኛው ማስተማር ሲሆን፣ ትምህርቱም ቤት ለቤት ወይም በአንዲት ክፍል ውስጥ፣ አንድ ለአንድ ይሰጣል። ልጆች እንደ ክንዳቸው ርዝመት ሩብ፣ ግማሽ ወይም ሦስት አራተኛ መጠን ያለው ቫዮሊን ያስፈልጋቸዋል። «ያድግበታል» ብሎ ለሕፃን ሙሉውን መግዛት ከሁሉ የከፋ ቁጠባ ነው፤ ልጁ ትከሻውን እየሰቀለ፣ አንገቱን እያጣመመ ይለምደዋል፣ ያንን ማረምም ዓመታት ይወስዳል።

በበጋ እንጨቱ ደርቆ ሲኮማተር መቃኛዎቹ እየላሉ አውታሩን ይለቁታል። ስለዚህ ጥሩ መምህር መሣሪያውን ተቀብሎ አይቃኝለትም፤ ተማሪው ራሱ «ላ»ን በ440 ኸርዝ (በሴኮንድ 440 ንዝረት) አስተካክሎ፣ ሁለት ሁለት አውታር በአንድ ደጋን እየጎተተ ሌሎቹን እስኪያገኛቸው አጠገቡ ቆሞ ይጠብቀዋል።