ሁለቱ ከፍታዎች፦ የቅንጦት የበረዶ ሸርተቴ ዕረፍት በአልፕስ ተራሮች

በአልፕስ ተራሮች የበረዶ ሸርተቴ ዕረፍት ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከሆቴሉ ነው፤ ፎቶግራፉን ያያል፣ ኮከቡን ይቆጥራል፣ ከዚያ ቀን ይቆርጣል። ነገሩን በቅርብ የሚያውቁት ግን ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት ከፍታን ነው። በረዶው መቼ ጀምሮ እስከ መቼ እንደሚቆይ፣ እንግዳው የመጀመሪያዋን ሌሊት እንዴት እንደሚያድር፣ ጉዞው ምን ያህል እንደሚያደክም፣ የወጪውም መጠን ሳይቀር በአመዛኙ የሚወሰነው በዚሁ ቁጥር ነው። ቁጥሩም አንድ ሳይሆን ሁለት ነው፦ የሚታደርበት ከፍታና የሚንሸራተቱበት ከፍታ።

የፈረንሳይዋ ቫል ቶራንስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ የተቆረቆረች ስትሆን፣ በአውሮፓ ካሉት የበረዶ ሸርተቴ መንደሮች ሁሉ ከፍተኛዋ ናት። እዚያ ያደረ ሰው ከሆቴሉ ደጃፍ ስኪውን (የመንሸራተቻ ሰሌዳውን) አስሮ ይነሣል፤ የሚተኛውም ግን በዚያው ስስ አየር ውስጥ ነው። የስዊዘርላንዷ ዜርማት በአንጻሩ 1,620 ሜትር አካባቢ ሸለቆ ውስጥ ተቀምጣ እንግዶቿን በኬብል መኪና እስከ 3,883 ሜትር ታወጣለች፤ በአውሮፓ ከዚህ ከፍ ያለ የኬብል መኪና ጣቢያ የለም። በከፍታ በሁለቱ መካከል የምትገኘው ሌላዋ የፈረንሳይ መንደር ኩርሽቬል ስትሆን፣ ከላይዋ ያለው የሶሊር ጫፍ 2,738 ሜትር ይደርሳል። ኩርሽቬልና ቫል ቶራንስ በሊፍት (ተንሸራታቾችን ወደ ላይ በሚያወጣ ማጓጓዣ) እና በመንሸራተቻ መስመር የተያያዙ የ‹‹ሦስቱ ሸለቆዎች›› አባላት ናቸው፤ የመስመሮቹ ጠቅላላ ርዝመትም 600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

አየሩ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ ሸለቆው ውስጥ ዝናብ ሆኖ የሚወርደው ደመና ከላይ በረዶ ሆኖ ይጥላል። ከፍ ያለ ቦታ ተፈላጊነቱ እየጨመረ የሄደውም ለዚህ ነው፤ ዝቅተኛ መንደሮች በሞቃት ክረምት ሰው ሠራሽ በረዶ ለመርጨት ሲገደዱ፣ ግግር በረዶ ያላት ዜርማት ዓመቱን ሙሉ ታንሸራትታለች። ነገር ግን ከፍታ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ዛፍ ከማይበቅልበት ወሰን በላይ ያለ ሜዳማ ነጭ ቁልቁለት በጭጋግ ቀን ሰማዩና መሬቱ አንድ ዓይነት ይሆናል፤ ተንሸራታቹ ከፊቱ ጉብታ ይኑር ጎድጓዳ ለይቶ ማየት ያቅተዋል። ነፋስ ሲበረታም መጀመሪያ የሚዘጉት የላይኞቹ ሊፍቶች ናቸው። እንዲህ ባለው ቀን የሚያዋጣው ዝቅ ብሎ በደን መካከል መንሸራተት ነው፤ ዛፎቹ ነፋሱን ይከልላሉ፣ ጥቁር ግንዳቸውም ለዓይን መያዣ ይሆናል። ስለዚህ ከፍታውንም ደኑንም የያዘ ቦታ መምረጥ ከአንድ ተጨማሪ ኮከብ ይልቅ ይጠቅማል።

ሰውነትም የራሱ ሒሳብ አለው። በ2,500 ሜትር የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ሲሆን፣ በዜርማት የላይኛው ጣቢያ ከ60 በመቶ ብዙም አይበልጥም። ቆላ የለመደ ሰው በአንድ ቀን ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ ከፍታ ላይ ቢያድር ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ሊያገኘው ይችላል። በዚህ ረገድ ከሁሉ የሚበልጠው የማደሪያው ከፍታ ነው፤ ቀን ላይ ለጥቂት ሰዓት 3,800 ሜትር ወጥቶ ማታ ወደ ሸለቆ የሚመለስ ሰው፣ ሌሊቱንም ከላይ ከሚያሳልፈው ይልቅ ይቀልለዋል። የመጀመሪያውን ቀን በቀላል መስመር ማሳለፍ፣ ውኃ ማብዛት፣ የአልኮል መጠጡን ለሌላ ማታ ማቆየት የቆየ ምክር ነው፤ የሚከተለው ሰው ግን ጥቂት ነው። ፀሐዩም አይናቅም፦ አዲስ የወረደ በረዶ የሚያርፍበትን የአልትራቫዮሌት ጨረር እስከ 80 በመቶ መልሶ ስለሚያንጸባርቅ፣ አገጭንና የአፍንጫን ሥር ሳይቀር ያቃጥላል።

ክረምትን በተራራ ላይ የማሳለፍ ቅንጦት የተጀመረው ከስዊዘርላንዷ ሴንት ሞሪትዝ እንደሆነ ይነገራል። ዮሐንስ ባድሩት የተባለው የሆቴል ባለቤት እ.ኤ.አ. በ1864 ለእንግሊዛውያን የበጋ ደንበኞቹ፣ በክረምት ተመልሰው መጥተው ካልተደሰቱ የመንገድ ወጪያቸውን እንደሚሸፍን ቃል ገባላቸው፤ እነርሱም መጥተው እስከ ፋሲካ ቆዩ ይባላል። ከተማዋ በኋላ የ1928ንና የ1948ን የክረምት ኦሊምፒክ አስተናግዳለች። ዜርማት ስሟን የተከለችው ተራራ በሚወጡ ሰዎች ነው፤ በ1865 ማተርሆርን የተባለውን 4,478 ሜትር ተራራ መጀመሪያ ከወጡት ሰባት ሰዎች አራቱ ሲወርዱ ወድቀው ሞቱ፣ አደጋውም መንደሯን በመላው አውሮፓ አሳወቃት። ኩርሽቬል ግን ከነበረ መንደር ያደገች አይደለችም፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት በ1946 ለበረዶ ሸርተቴ ተብላ የታቀደች ናት።

የቀን ምርጫ ከቦታ ምርጫ አይለይም። የገናና የአዲስ ዓመት ሳምንታት፣ እንዲሁም የፈረንሳይ ተማሪዎች በሦስት ቀጠና ተከፍለው ተራ በተራ የሚያርፉበት ፌብሩዋሪ፣ ዋጋውም ሰልፉም የሚንርባቸው ናቸው። ጃንዋሪ አጋማሽ ላይ መስመሮቹ ጭር ይላሉ፤ ቀኑ ግን አጭር፣ ብርዱም ጠንካራ ነው። ከፍ ላለ ቦታ የማርች ወር የሚተካከለው ያለ አይመስልም፦ የተከማቸው በረዶ ገና አልሳሳም፣ ፀሐዩ ረዝሟል፣ ምሳም ከደጅ ይበላል። ብዙ ሻሌዎች (የተራራ የእንጨት ቤቶች) የሚከራዩት ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ በመሆኑ የቅዳሜ መንገድ በመኪና ይጨናነቃል፤ በሌላ ቀን የሚቀበል ሆቴል ማግኘት ብቻውን ግማሽ ቀን ያተርፋል።

መድረሻውም በየቦታው ይለያያል። ዜርማት በነዳጅ የሚሄድ የግል መኪና አይገባባትም፤ በመኪና የመጣ እንግዳ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብላ በምትገኘው ቴሽ አቁሞ፣ በባቡር 12 ደቂቃ ተጉዞ ይገባል። ከጣቢያው ሲወጣ ሞተር አይሰማም፤ ጠባብ ሣጥን የመሰሉ የኤሌክትሪክ መኪኖች ሻንጣና ስኪ ጭነው በእግረኛው መካከል ያልፋሉ፣ ድምፃቸውም እምብዛም ስለማይሰማ አዲስ ሰው ይደነግጣል። ኩርሽቬል ደግሞ 537 ሜትር ብቻ ርዝመት ያለው ማኮብኮቢያ አላት፤ 18.6 በመቶ ያዘነበለ ስለሆነ አውሮፕላኖች ሽቅብ ያርፋሉ፣ ቁልቁል ይነሣሉ። እዚያ የሚያርፍ አብራሪ ልዩ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ አየሩ ከተበላሸም በረራው ስለሚቀር የየብስ መንገድ በተጠባባቂነት መያዝ አለበት።

ገንዘቡ የሚገዛው በዋናነት ጊዜን ነው። ከሊፍት አጠገብ መኖር፣ ሌሊቱን ቡት (የመንሸራተቻ ጫማ) የሚያደርቅና የሚያሞቅ ክፍል፣ ጠዋት ሰልፍ ሳይዝ የሚመራ የግል አስተማሪ፣ ሁሉም ወደዚያው ይመለሳሉ። በተጨናነቁ ሳምንታት ጥሩ አስተማሪ ከጥሩ ክፍል ቀድሞ ስለሚያልቅ ሁለቱን በአንድ ቀን መያዝ ይበጃል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ሳምንቱን የሚያሳምረው ወይም የሚያበላሸው ቡቱ ነው። ብልኅ ባለሙያ የውስጡን ለስላሳ ሽፋን አውጥቶ እግርን በባዶው ቅርፊት ውስጥ ያስገባል፤ ጣቶች ፊት ለፊት ሲነኩ ከተረከዝ ኋላ የሚቀረው ክፍተት ከ2 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ቡቱ ሰፊ ነው ይላል። ሽፋኑ ተመልሶ ሲገባ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ጣቶቹ ጫፉን ይነካሉ፣ ጉልበቱን ወደ ፊት ሲያጥፍ ይለቃሉ። ካልሲ አንድና ስስ ብቻ ነው፤ ሁለት መደረብ ያቆስላል እንጂ አያሞቅም።

ከመስመር ውጪ መንሸራተት የሚሻ ሰው የየአገሩን ሕግ ማወቅ አለበት። በሄሊኮፕተር ተራራ ላይ ወርዶ መንሸራተት በስዊዘርላንድ በተመደቡ ማረፊያዎች ይፈቀዳል፤ በፈረንሳይ ግን ተከልክሏል። የበረዶ ናዳ ስጋት ከ1 እስከ 5 ባለ ደረጃ በየቀኑ ይገለጻል፤ 3 ቁጥር መካከለኛ ስለሚመስል ያዘናጋል፣ ብዙ ሰው የሚሞተው ግን በዚሁ ደረጃ ነው። በናዳ የተቀበረ ሰው ያለበትን የሚጠቁም አመላካች መሣሪያ፣ አካፋና መፈለጊያ ዘንግ ያልያዘ፣ አስጎብኚም የሌለው ሰው በደረጃ 2ም ቢሆን ከመስመሩ ባይወጣ ይሻላል። ለሸንገን ቪዛ የሚጠየቀው ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስም የበረዶ ሸርተቴን አደጋ ላያካትት ይችላል፤ በስዊዘርላንድ የሄሊኮፕተር ነፍስ አድን ሒሳብ ለተጎጂው ስለሚላክ ውሉን አስቀድሞ ማንበብ ግድ ነው።

ከዜርማት ተነሥቶ ወደ ጣሊያኗ ቸርቪኒያ ወርዶ ምሳ የሚበላ ሰው ደግሞ ሁለቱንም ጎን የሚያካትት ትኬት፣ በሁለቱም አገር የሚሠራ ኢንሹራንስና ፓስፖርቱን መያዝ አለበት። የመመለሻውን የመጨረሻ ሊፍት ሰዓትም ገና ጠዋት ያረጋግጣል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ሊፍቱ ከተዘጋ፣ ከምሳ በፊት በስኪ የተሻገረውን ድንበር በታክሲ ተራራውን ዞሮ ለብዙ ሰዓት ተጉዞ ነው የሚመለሰው።