ፖስታ ቤትን ያመጣው ጣሊያን አይደለም

ቴምብር መሰብሰብ ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ። አልበሜን ገልጬ ለሰው ሳሳይ፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ ሳልደርስ ያቺው ነገር ትመጣለች። «ይሄ እኮ ጣሊያን ያመጣው ነው።» ከመምህር ሰምቻታለሁ። አስጎብኚ ለእንግዶቹ ሲያስረዳ ሰምቻታለሁ። ሰሞኑን ደግሞ የእህቴ ልጅ ይዟት መጣ። በቃ፣ ዛሬ ልጻፈው አልኩ።

የኢትዮጵያ ፖስታ የተቋቋመው በ1886 ዓ.ም. በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ትእዛዝ ነው። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው በ1928 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ 42 ዓመት አለ። ከዓድዋ ጦርነት እንኳ በሁለት ዓመት ይቀድማል።

ጊዜውን ልብ በሉልኝ። የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ ጠብ ያስነሣው በምን ነበር? ጣሊያን «ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር የምትጻጻፈው በእኔ በኩል ነው» በማለቱ ነው። ምኒልክ ውሉን አፈረሱት። በማግሥቱ ዓመት የራሳቸውን ፖስታ አቋቋሙ። ይህ እንዲያው ግጥምጥሞሽ አይመስለኝም። ደብዳቤህ በእኔ በኩል ይለፍ የተባለ ንጉሥ የራሱን ቴምብር ሲያሳትም መልስ እየሰጠ ነው። እንግዲህ ይህንን ለጣሊያን መልሶ መስጠት ነው የሚያናድደኝ።

የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ሰባት ናቸው። የታተሙት ፓሪስ ነው፤ የሠራቸውም ሙሾን የሚባል ፈረንሳዊ ቀራጭ ነው። የሩብ፣ የግማሽ፣ የ1ና የ2 ግርሾቹ (ግርሽ የዚያን ጊዜ ገንዘብ ነው) ዘውድ የጫኑትን ምኒልክን ይዘዋል። የ4፣ የ8ና የ16 ግርሾቹ ላይ አንበሳው አለ። ጽሑፉ በራሳችን ፊደል ነው። የአገሩን ስም በላቲን ፊደል የያዘ ማኅተም የተመታባቸው ቆይቶ፣ በ1890ዎቹ ነው። የውጭ ሰው እጅ አልነበረበትም አልልም። ነበረበት። ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግና ፈረንሳዊው ሌዎን ሸፍነ ከምኒልክ ጋር አብረው ሠርተዋል። ግን ተቀጥረውና ተዋውለው ነው፤ ወረው አይደለም።

«‹ፖስታ› የሚለው ቃል ራሱ የጣሊያን አይደል?» የሚለኝ አይጠፋም። ከውጭ የገባ ቃል መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን በዚያው በ1890ዎቹ በምኒልክ ቴምብሮች ላይ «ቦስታ» የሚል ማኅተም ተመትቶባቸዋል። ብዙም ሳይቆይ «መልእክት» የሚልም ተመትቷል። ቃሉ አገር ውስጥ ሲሠራበት የአምስቱ ዓመት ወረራ ገና ሩቅ ነበር።

ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ኤርትራን ጣሊያን ይዞ ስለነበር እዚያ የራሱ ፖስታ ነበረው። በወረራው ጊዜም የኛን ቴምብር አስቀርቶ የራሱን ንጉሥ ምስል የያዘ አወጣ። ያ ግን የነበረውን መንጠቅ እንጂ መጀመር አይባልም። ከድል በኋላ በ1934 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ምስል ያለባቸው ቴምብሮች ወጡ።

ስለ ፖስታ የሚባሉትን ሌሎቹን ስሕተቶች ቶሎ ቶሎ ልጥቀሳቸው።

«ቅርንጫፎቹ የተስፋፉት ከአዲስ አበባ ተነሥተው ነው።» ሐረርን አትርሱ። ሐረር ከመጀመሪያዎቹ ፖስታ ቤቶች አንዱ ነው፤ ደብዳቤ ወደ ባሕር የሚወጣው በዚያ በኩል ነበራ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ድሬዳዋ ሲገባ የፖስታውም መንገድ ወደ ድሬዳዋ ዞረ። አዲስ አበባ ባቡር ያየችው በ1909 ዓ.ም. ነው።

«በምኒልክ ቴምብር ከመጀመሪያው ዓለምን መዞር ይቻል ነበር።» አይቻልም ነበር። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1901 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ወደ ውጭ የሚሄድ ደብዳቤ የጅቡቲን የፈረንሳይ ቴምብርም መለጠፍ ነበረበት።

«ፖስታና ቴሌ አንድ መሥሪያ ቤት ናቸው።» ነበሩ። በ1945 ዓ.ም. ተለያዩ።

«የፖስታ ሣጥን ቁጥር ካለ ይደርሳል።» የየት ከተማ? የየትኛው ቅርንጫፍ? ሣጥን ቁጥር 12 እኮ በየከተማው አለ። የከተማውን ስም ጻፉ፤ ኮድ ካለውም ኮዱን አትዝለሉ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ራስ ምታቴ ልምጣ። «የምኒልክ ቴምብር ያለው ሰው ሀብታም ነው» ይባላል። አይደለም። እነዚያ ሰባት ቴምብሮች ገና ከጅምሩ ፓሪስ ውስጥ ለሰብሳቢዎች ተሸጠዋል። ስለዚህ ያልተሠራባቸው ዛሬም በዓለም ላይ ሞልተዋል። የሚከብደው በእውነት የተላከ ደብዳቤ ማግኘት ነው፤ ከነፖስታው፣ ከነማኅተሙ፣ ከነአድራሻው። የየትኛው ቅርንጫፍ ማኅተም በየትኛው ቀን እንዳረፈበት የሚነግረን እሱ ነው። ትናንሽ ቅርንጫፎች መቼ እንደሠሩ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በዚህ መንገድ ነው።

አንድ የሰፈራችን ልጅ የአያቱን ቴምብሮች በፌስታል ይዞልኝ መጣ። የጃንሆይ ዘመን ናቸው። ሌሊቱን ሳፋ ውስጥ ውኃ ላይ ዘፍዝፎ ከፖስታው አላቋቸዋል። ገና አልደረቁም፤ እርስ በርስ ተጣብቀዋል። «ፖስታዎቹስ?» አልኩት። «ጣልኳቸው፤ ዋጋ ያለው ቴምብሩ አይደል እንዴ?» አለኝ። አንዱን በወረንጦ አነሣሁት። ክቡ ማኅተም ለሁለት ተቆርጧል። ቴምብሩ ላይ የቀረው «ዳዋ» የሚለው ነው። «ድሬ» እና ቀኑ ከፖስታው ጋር ሄደዋል። ልጁን አልተቆጣሁትም። ማን ነግሮት ያውቃል?

ስለዚህ የአባት የእናት ሣጥን የምትከፍቱ ሰዎች፣ እባካችሁ ቴምብሩን አትንቀሉ። በውኃ አትንከሩ። በፕላስተር አትለጥፉ፤ ሙጫው ወረቀቱን ቢጫ ያደርገዋል። በስቴፕለርም አትምቱ። ደብዳቤውን ከፖስታው ብታወጡት እንኳ ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጡ። ከፀሐይና ከእርጥበት ይራቅ። በእርሳስ የሚጻፍ ነገር ካለ ለብቻው ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ማን ለማን ላከው፣ ከማን ቤት ተገኘ። ስለ ቴምብሮቹ ማወቅ የሚፈልግ ደግሞ አዲስ አበባ ዋናው ፖስታ ቤት ዘንድ የፖስታ ሙዚየም አለ። የእህቴን ልጅ ቅዳሜ ልወስደው ቀጠሮ ይዘናል።