የውጭ ዘጋቢ ምንድን ነው? ጆርጅ ስቲር ከአዲስ አበባ እስከ ጌርኒካ

የውጭ ዘጋቢ ማለት ጋዜጣው ወደ ሌላ አገር ልኮ፣ እዚያ አስቀምጦ፣ ያየውን እንዲጽፍ የሚከፍለው ጋዜጠኛ ነው። ቤት ይከራያል፣ የሥራ ፈቃድ ያወጣል፣ ገበያ ይወጣል፣ ከሚኒስትሩም ከሹፌሩም ጋር ይተዋወቃል። የአገሩ መንግሥት ወኪል አይደለም፤ ያ የዲፕሎማት ሥራ ነው። የሚቆመው ለአንባቢው ነው። አንባቢው መሄድ ስለማይችል እሱ ይሄድለታል።

ዓይነቱ ይለያያል። ቋሚ ዘጋቢ አንድ ከተማ ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል። ልዩ ዘጋቢ ጦርነት ወይም ረሃብ ሲነሳ ለዚያ ጉዳይ ብቻ ይላካል። ስትሪንገር የሚባለው ደመወዝ የለውም፤ በሠራው ልክ ይከፈለዋል።

ሥራው ኢትዮጵያን የሚያውቃት ከጥንት ጀምሮ ነው። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ወደ መቅደላ ሲዘምት፣ ኒውዮርክ ሄራልድ የላከው ሄንሪ ሞርተን ስታንሊ አብሮ ነበር። ስታንሊ ገና ሲመጣ ግብፅ ውስጥ ስዌዝ ላይ ለቴሌግራፍ ቤቱ ሠራተኛ ጉቦ ሰጥቶ ነበር። ውሉ የእሱ ወሬ ከሁሉም ቀድሞ እንዲላክ ነው። የመቅደላ መውደቅ ዜና ከእንግሊዝ ጦር ሪፖርት በፊት ለንደን የደረሰው በዚህ መንገድ ነው። ከዚያ በኋላ በባሕር ውስጥ የሚያልፈው የቴሌግራፍ ሽቦ ተበጠሰና የሌሎቹ ጽሑፍ ሁሉ ቆመ። ስታንሊ በዚህ ዝና አገኘ። እኔ ግን ይህን ታሪክ ሳነብ ቅር ይለኛል። የአንድ ንጉሥ ሞት የእሽቅድምድም ዋንጫ ሆኖ ቀረ።

ስለ ሙያው ምንነት የተሻለ የሚያስረዳን ሌላ ሰው ነው፤ ጆርጅ ስቲር።

ስቲር በ1909 እ.ኤ.አ. ደቡብ አፍሪካ ተወለደ፣ ኦክስፎርድ ተማረ። የለንደኑ ታይምስ በ1935 እ.ኤ.አ. ወደ አዲስ አበባ ሲልከው ገና 25 ዓመቱ ነበር። የጣልያን ወረራ እየቀረበ ስለነበር ከተማዋ በጋዜጠኛ ተጥለቀለቀች። ሆቴሎች ሞሉ። ብዙዎቹ ጦርነቱን በሳምንት ውስጥ አይተው ለመሄድ ነበር የመጡት። ግን ግንባሩ ሩቅ ነው፣ መንገድ የለም፣ መንግሥትም ወደ ሰሜን እንዲሄዱ ቶሎ አይፈቅድም። ቀኑ ቡና ቤት ውስጥ ያልቃል። ያልተጨበጠ ወሬ ቴሌግራም ሆኖ ይወጣል። ቴሌግራም ደግሞ በቃል ቁጥር ስለሚከፈልበት ዓረፍተ ነገሩ አጥንቱ እስኪቀር ይቀነሳል፤ ለንደን ያለው አዘጋጅ ሥጋውን ራሱ ይሞላበታል። ስህተቱም የሚገባው እዚያ ላይ ነው። ወራት ሲያልፉ ጋዜጦቹ ሰለቻቸውና አብዛኛዎቹን ሰዎቻቸውን ጠሩ።

ስቲር አልሄደም። ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት ኦጋዴን ድረስ ወርዶ፣ ቆራሄን የሚጠብቁትን የጦር አዛዥ አፈወርቅ ወልደሰማያትን በዓይኑ አይቶ ነበር። ወታደሩ ምን እንደሚበላ፣ ምን ዓይነት ጠመንጃ እንደያዘ ያውቃል። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን ጦር መረብን ሲሻገር ስለ ኢትዮጵያ ሠራዊት የሚጽፈው ከሆቴል በረንዳ በሰማው ወሬ አልነበረም። ስለ መርዝ ጋዙ ጻፈ። ስለተደበደቡት የቀይ መስቀል ሆስፒታሎች ጻፈ። ጣልያን ይክድ ነበር፤ የሱ ጽሑፍ ግን ለንደን ውስጥ በየቁርሱ ጠረጴዛ ላይ ይነበባል።

ሥራው ሕይወትንም ይጠይቃል። የቺካጎ ትሪቢዩኑ ዊልፍሬድ ባርበር አዲስ አበባ ውስጥ በወባ የሞተው ጦርነቱ በተጀመረ ሰሞን ነው። በማግስቱ ዓመት ፑሊትዘር የተባለው የአሜሪካ የጋዜጠኝነት ሽልማት ተሰጠው፤ እሱ ግን አላየውም።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከተማዋን ለቀው ሲወጡ አዲስ አበባ ተዘረፈች፣ ተቃጠለች። የውጭ ዜጎች እንግሊዝ ለጋሲዮን (የዲፕሎማቶቹ መሥሪያ ቤት) ግቢ ውስጥ ተጠለሉ። ስቲር በነዚያ ቀናት እዚያው ግቢ ውስጥ ማርጋሪታ ዴ ኤሬሮን አገባ። እሷም ለአንድ የፈረንሳይ ጋዜጣ የምትዘግብ ነበረች። ጣልያን ሚያዝያ 27 ገባ፣ ብዙም ሳይቆይ ስቲርን ከአገር አባረረው። ለውጭ ዘጋቢ መባረር እንደ ምስክር ወረቀት ነው ቢባል አልተጋነነም። ማርጋሪታ ግን ዓመት እንኳ ሳይሞላ ለንደን ውስጥ በወሊድ ሞተች።

ስቲር ቀብሯት ወደ ስፔን ሄደ። እዚያም የእርስ በርስ ጦርነት ነበር። ሚያዝያ 18 ቀን 1929 ዓ.ም. ሰኞ፣ የገበያ ቀን፣ ጌርኒካ የምትባል፣ ሰሜን ስፔን ያለች የባስክ ሕዝብ ከተማ በአውሮፕላን ተደበደበች። ስቲር ቢልባዎ በተባለችው ከተማ ራት ላይ ሳለ ሰማ። ተነስቶ በሌሊት በመኪና ሄደ። ከተማዋ ስትነድ ደረሰ። የተረፉትን ጠየቀ። ከፍርስራሹ የጀርመን ማኅተም ያለባቸውን የቦምብ ቀፎዎች አገኘ። ጽሑፉ ከሁለት ቀን በኋላ በታይምስና በኒውዮርክ ታይምስ ወጣ። ጀርመን የሚረዳው የአማፂው ጄኔራል ፍራንኮ ወገን ግን ባስኮች ራሳቸው ናቸው ከተማቸውን ያቃጠሉት ብሎ ነበር። ውሸቱ ያልያዘለት ይህ ጽሑፍ ስለነበረ ነው። ታይምስ ላይ የወጣው ደግሞ ያለ ስሙ ነው፤ «ከልዩ ዘጋቢያችን» ብቻ ተብሎ። የጋዜጣው ልማድ እንደዚያ ነበር።

እኔ እንደማምነው ስቲር የጌርኒካን ነገር ቶሎ እንዲረዳ ያደረገው ኢትዮጵያ ውስጥ ያየው ነው። ከሰማይ የሚወርድ እሳት ሰላማዊ ሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ፣ አጥፊው በማግስቱ እንዴት እንደሚክድ አስቀድሞ አይቷል።

በተቃራኒው ኸርበርት ማቲውስን እንይ። የኒውዮርክ ታይምስ ዘጋቢ ነው፣ የኢትዮጵያውን ጦርነት ከጣልያን ጦር ጋር ሆኖ ዘገበ፣ ከጣልያንም ሜዳይ አገኘ። ሰነፍ አልነበረም፣ ግንባር ድረስ ሄዷል። ግን የበላው ከነሱ ጋር ነው፣ የተኛው ከነሱ ጋር ነው። ዘጋቢ የሚያየው የቆመበትን ያህል ነው። ስለዚህ ዜና ስናነብ መጀመሪያ ላይ የምትጻፈዋን የከተማ ስም ማየት አለብን። ዘጋቢው ከየት ሆኖ ነው የሚጽፈው? ከማን ጋር ሄዶ? ዛሬም ስለ ኢትዮጵያ የሚወጣ ብዙ ዘገባ የሚጻፈው ናይሮቢ ተቀምጦ ነው።

ስቲርም ገለልተኛ ሆኖ አልቀረም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ጦር ውስጥ ገባ፣ በ1940 እ.ኤ.አ. ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ካርቱም ነበር። ከአውሮፕላን የሚበተኑ የአማርኛ ወረቀቶችን የሚያዘጋጀውን ክፍል መራ። «ባንዲራችን» የተባለው ጋዜጣም ከዚያ የወጣ ነው። በኋላ የተወለደ ልጁን ክርስትና ያነሱት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። ይህ ሁሉ ሲሆን ዘጋቢነቱን ትቷል ማለት ነው፤ ፕሮፓጋንዳ ሌላ ሥራ ነው። አልወቅሰውም። ግን ሁለቱን ሥራ መለየት ያስፈልጋል፣ ለአንባቢ ሲባል። በ1944 እ.ኤ.አ. በገና ቀን ቤንጋል ውስጥ ጂፕ ሲነዳ ተገልብጦ ሞተ፤ 35 ዓመቱ ነበር። ጌርኒካ ሐውልት አቁማለታለች።

አንድ ነገር ይቀራል፤ አስተርጓሚዎቹና ሹፌሮቹ። በ1928ቱ ጦርነት እያንዳንዱ የውጭ ጋዜጠኛ አማርኛ የሚያስተረጉምለት፣ በቅሎ የሚፈልግለት፣ የትኛው መንገድ እንደሚያልፍ የሚነግረው ሰው ነበረው። ስማቸው ጋዜጣ ላይ አልወጣም። ዛሬ ፊክሰር ይባላሉ። ቀጠሮ ይይዛሉ፣ ኬላ ያሳልፋሉ፣ ሰው ለምን እንደፈራ ያስረዳሉ። ግማሹ ዘገባ የነሱ ነው። ዘጋቢው ሲባረር አውሮፕላን ተሳፍሮ ይሄዳል፤ እነሱ ከነቤተሰባቸው እዚያው ይቀራሉ፣ የሚጠየቁትም እነሱ ናቸው። አንዳንድ ጋዜጦች አሁን ስማቸውን ከዘጋቢው ስም ጎን ማተም ጀምረዋል። ማተሙ አደጋ የሚያመጣባቸው ከሆነ ግን መጠየቅ ያለባቸው ራሳቸው ናቸው፣ ጽሑፉ ከመውጣቱ በፊት።