የአሊጌተር «ዘመድ» ማለት ቅድመ አያቱ ማለት አይደለም

አሎግናቶሱኩስ የተባለው የጠፋ እንስሳ «የአሊጌተር ዘመድ» ሲባል፣ ብዙዎች የዛሬው አሊጌተር (አዞ መሰሉ እንስሳ) ከእርሱ የመጣ ይመስላቸዋል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አጎት ዘመድ ነው፣ ሆኖም የወንድሙ ልጅ ከእርሱ አልተወለደም፤ ሁለቱን የሚያገናኛቸው የአጎቱ አባት፣ ማለትም የልጁ አያት ነው። በቅሪተ አካል ጥናትም «ዘመድ» የሚባለው ከጋራ የዘር ግንድ የተገኘ ሁሉ ነው።

በአማርኛ አሊጌተሩንም ሆነ የጫሞ ሐይቁን «አዞ» ስለምንል ውዥንብሩ ይጨምራል፤ የጫሞው ግን የናይል አዞ በመሆኑ ከሌላ ቤተሰብ ይመደባል።

እርግጠኛ የሆነው፣ አሎግናቶሱኩስ ከ50 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ገደማ በሰሜን አሜሪካ ይኖር እንደነበረ፣ ከዛሬው የአሜሪካ አሊጌተር በእጅጉ ያንስ እንደነበረና የኋላ ጥርሶቹ ደነዝና ድቡልቡል እንደነበሩ ነው። የቅሪተ አካል ተመራማሪው ቻርልስ ሙክ እ.ኤ.አ. በ1921 ያወጣለት ስም «ሌላ ዓይነት መንጋጋ ያለው አዞ» እንደማለት ነው፤ የሚገባውም ስም ይመስለኛል። በጥርሶቹ የቀንድ አውጣና የኤሊ ልባስ ይሰብር ነበር የሚለው ግን ከቅርጻቸው የተወሰደ ግምት ነው። በዘር ሐረጉ ላይ ያለው ትክክለኛ ቦታም ከተመራማሪ ተመራማሪ ይለያያል፤ በጀርመን ሜሰል የተገኘውን ትንሽ እንስሳ አንዳንዶቹ ከእርሱ ጋር ሲመድቡት፣ ሌሎቹ ሃሲያኮሱኩስ ብለው ለብቻው ያቆሙታል።